የቆመ መኪና ሲነሣ፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ተሽከርካሪን ወደ ሥራ ስለ መመለስ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች በደብረ ታቦር ከቀረበ የሕዝብ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ቀላል ይመስላል። አንድ መኪና ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ሳይንቀሳቀስ ቆሟል፤ ባለቤቱ ሊያስነሣው ይፈልጋል። ምን ያድርግ? በተለመደው አሠራር መልሱ አጭር ነው። ከጎረቤት መኪና ባትሪ በካቦ ይያያዛል፤ ካልሆነም ጎረምሶች ተሰብስበው ይገፉታል። ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም ይደሰታል፤ ጉዳዩም እንዳለቀ ይቆጠራል። እኔ ዛሬ የማስረዳው ሞተሩን ማስነሣት ከሥራው ሁሉ መጨረሻ መምጣት እንዳለበት ነው። እንደ እኛ ባለ ተራራማ አገር ባለቤቱ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይነሣል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ከተነሣ በኋላ መልሶ ይቆማል ወይ?» ብሎ ነው።

ጉዳዩ ስለምን የእኛ ሆነ

ባለፉት ዓመታት መኪና ያለ ሥራ የሚቆምበት ምክንያት በአካባቢያችን በዝቷል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ብዙ ተሽከርካሪ ከግቢ አልወጣም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ንፋስ መውጫ ሲደርስ መኪናውን ሸሽጎ ወይም ጥሎ የሄደ ሰው ጥቂት አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋና ነዳጅ በጠፋ ቁጥር መኪና ይቆማል። በዚህ ላይ በውርስ ክርክር የታሰረውን፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ በዘመድ ግቢ የተቀመጠውን፣ በመሥሪያ ቤት ቅጥር ውስጥ ሐራጅ የሚጠብቀውን ጨምሩበት።

በሌላ በኩል የቆመውን በአዲስ መተካት እየከበደ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ጥር መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በየግቢው በሸራ ተሸፍኖ የቆመው አሮጌ ቶዮታ ባለቤቱ በቀላሉ የማይተካው ሀብት ነው። በአንድ ቀን ችኮላ ሞተሩ ቢበላሽ የሚጠፋው የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ቁጠባ ይሆናል። ፍሬኑ እምቢ ቢል ደግሞ የሚጠፋው ሕይወት ነው።

ከፍታው የሚለውጣቸው ነገሮች

ከመኪናው ጋር የሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው በባሕር ወለል አቅራቢያ ለሚኖር አንባቢ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 73 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ወለል ካለው 101 ኪሎ ፓስካል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ይህ ቅናሽ ቆሞ የነበረን መኪና በሦስት መንገድ ይነካዋል።

አንደኛው የውኃ መፍያ ነው። በእኛ ከተማ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ሁለተኛው በሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረው የእምቅ አየር ግፊት ነው። መጽሐፉ 12 ባር ይነበባል የሚልለት ጤናማ ሞተር እዚህ ሲለካ ከ9 ባር በታች ሊያሳይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ሞተር «ፋሻው አልቋል» ብሎ ያስወርደዋል። ሦስተኛው የፍሬን አጋዥ ነው። በአብዛኛው የቤት መኪና ፔዳሉን የሚያቀልልን መሣሪያ ጉልበቱን የሚያገኘው በውጭው አየርና በውስጡ ባለው ባዶነት መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ሲሳሳ የሚሰጠው እገዛም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ የሚነዳ ሰው በቆላ ከሚነዳው ይልቅ ፔዳሉን ጠንክሮ መርገጥ ይኖርበታል።

መጀመሪያ ፍሬን

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ2700 ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ገደማ ያወርዳል። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 900 ሜትር ሲወርድ 13 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህ ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ በከባድ ማርሽ ለሚወርድ ሹፌር ሞተሩም ያግዘዋል። የቀረው ሁሉ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ይወድቃል፤ ቁልቁለቱ በሚበረታባቸው ጠመዝማዛ ሥፍራዎች ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይከማቻል።

ይህ የመሬቱ ጠባይ ከመኪና በፊትም የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዝ መንገድ እየተቆረጠለት ወራት ፈጅቷል። በእንዲህ ያለ አገር ሸክምን ቁልቁል ይዞ ማውረድ ሽቅብ ከመጎተት አያንስም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። መኪናው ቢቆምም በመያዣው መተንፈሻና በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ቀስ በቀስ ከአየሩ ውኃ ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ሲቀላቀልበት ግን ዝቅተኛው መለኪያ 140 ዲግሪ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። እነዚህ በባሕር ወለል የተሰጡ በመሆናቸው እዚህ ትንሽ ይቀንሳሉ። ዘይቱ በቁልቁለት ላይ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በተለይ አደገኛ የሚያደርገው በከተማ ውስጥ ሲሞከር ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው፤ ችግሩ ብቅ የሚለው ፍሬኑ ሲግል ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ ለቆመ መኪና የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መለወጥ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ጎማዎቹ ተፈትተው የውስጥ ገጻቸው ይታይ፤ የረጠበ ነገር ካለ የሚያፈስ ጎሚኒ አለ ማለት ነው። ፔዳሉ ለግማሽ ደቂቃ ጠንክሮ ሲረገጥ ቀስ እያለ ከሰመጠ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ተጎድቷል። የእጅ ፍሬን ተይዞ ክረምት ያለፈበት መኪና ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። ይህን በሞተር ጉልበት ለማላቀቅ መሞከር ሸራውን ከብረቱ ይገነጥለዋል፤ በክሪክ ተነሥቶ፣ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ተደርጎለት፣ ታምቡሩ በመዶሻ በቀስታ እየተመታ ይላቀቅ። ለወደፊቱም መኪና ለረጅም ጊዜ ሲቆም የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ጎማው በድንጋይ ቢታገድ ይሻላል።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። በጎኑ ላይ ካሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የቀሩት ሁለቱ የተሠራበትን የፈረንጅ ዓመት ያመለክታሉ፤ 2315 ማለት በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። እንዲህ ያረጀና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በነፋስ ቢሞላም ለመንገድ አይታመንም።

ማቀዝቀዣው

በአካባቢያችን ብዙ ራዲያተር የሚሞላው በንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ውኃ ያለ ፀረ ዝገት ድብልቅ ለዓመታት ሲቀመጥ የሞተሩን የውስጥ ግድግዳ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ተነሥቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። በጉና ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ውርጭ በሚወርድበት ወቅት ንጹሕ ውኃ ሊረጋና ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምትናቀውን የራዲያተር ክዳን እንመልከት። ክዳኗ ጤናማ ስትሆን በውስጥ ተጨማሪ 90 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ትይዛለች፤ ውኃውም እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎሚኒዋ በመቆም ደርቆ ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ መፍያውም ወደ 91 ዲግሪ ይመለሳል። በብዙ መኪና የኤሌክትሪክ ፋኑ ሥራ የሚጀምረው ከ90 ዲግሪ ካለፈ በኋላ መሆኑን አስቡ። እንግዲህ በደብረ ታቦር ክዳኗ የተበላሸች መኪና ፋኑ ገና ሳይነሣ ልትፈላ ትችላለች ማለት ነው። ውጤቱ የተጣመመ ቴስታታና የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነው። ክዳን መለወጥ ግን ቴስታታ ከማስተካከል ጋር የማይነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። አሮጌው ውኃ ፈስሶ፣ ራዲያተሩ ታጥቦ፣ ከፀረ ዝገትና ፀረ ውርጭ ፈሳሽ ጋር በእኩል የተደባለቀ ውኃ ይሞላ። ቺንጊያዎችና የጎማ ቱቦዎች በእጅ እየተጨመቁ ይፈተሹ፤ ደርቆ የሚንቋቋ ቱቦ ይለወጥ።

ዘይትና የሞተሩ ውስጥ

ሞተር ሲሠራ ብረት ከብረት አይነካካም፤ በመካከላቸው ስስ የዘይት ገጽ አለ። በወራት ውስጥ ይህ ዘይት ከሲሊንደሩ ግድግዳና ከኩሽኔታዎቹ ወደ ታች ይንጠፈጠፋል። አሮጌው ዘይት ካለፈው ሥራ የቀረ አሲድና እርጥበትም ስላለበት ተኝቶ ሳለ ብረቱን ይበላል። ገፍቶ ማስነሣት ጎጂ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘይት ገና ያልደረሰውን ሞተር በአንድ ጊዜ በፍጥነት ያዞረዋል።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው ተከፍቶ ይታይ። በገጠርና በከተማችን ዳርቻ ከጎተራ አጠገብ የቆመ መኪና ለአይጥ ምቹ ቤት ነው፤ ጎጆዋን በማጣሪያው ውስጥ ትሠራለች፣ ሽቦም ትቆርጣለች። ቀጥሎ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጡ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላዎቹ ይፈቱና በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመር፤ አንድ ሌሊትም ይደር። በማግስቱ ማርሹ ነጻ ሆኖ የኮሎው ፑሊ በቁልፍ፣ በእጅ ብቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን አንድ ጊዜ የሚፈጽመው በሁለት ዙር ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ሙከራ ሁሉንም ፒስተንና ቫልቭ አያሳይም። እምቢ ካለ ጉልበት አይጨመርበት፤ ዘይቱ ጥቂት ቀን ይሥራ።

ከዚያም የነዳጅና የእሳት መስመሩ ተቋርጦ፣ ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ በሞተሪኖ ለ10 ሰከንድ ያህል ማዞርና ለአንድ ደቂቃ ማሳረፍ፤ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይህን መደጋገም። ካንዴላ የሌለው ሲሊንደር አየር ስለማያምቅ ኩሽኔታዎቹ ያለ ከባድ ሸክም ዘይታቸውን ያገኛሉ። ቀደም ሲል ያልኩትን የግፊት መቀነስ እዚህ ላይ አስታውሱ፦ ከፍታው ከሩብ በላይ ወስዷል፤ የደረቀ ፋሻ ተጨማሪ ያፈስሳል። በማንኪያ የተጨመረችው ዘይት ፋሻውን አሽጋ የጠፋውን ከፊል ትመልሳለች። በብርድ ጠዋት ለናፍታ ሞተር ይህ ልዩነት በመነሣትና ባለመነሣት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ነዳጁ

ቤንዚን ሲቀመጥ በቀላሉ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተንናል፤ የቀረውም ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሆናል። ሽታው ወደ ቀለም ሽታ ከተለወጠ ነገሩ አልቋል። ከስድስት ወር በኋላ ልንጠራጠረው፣ ከዓመት በኋላ አውጥተን ልንለውጠው ይገባል።

ናፍታ ከቤንዚን ይልቅ ይቆያል፤ ጠላቱ ግን ውኃ ነው። በበጋ የደጋችን ቀንና ሌሊት በሙቀት እጅግ ይለያያሉ። 40 ሊትር ባዶ ቦታ ያለው የነዳጅ ማጠራቀሚያ በ15 ዲግሪ ልዩነት በየቀኑ ሁለት ሊትር ገደማ አየር ያስወጣና መልሶ ያስገባል። በክረምት ደግሞ ልዩነቱ ቢያንስም የሚገባው አየር እርጥበት የጠገበ ነው። እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጠል ሆኖ ይወርዳል፤ ከናፍታው ሥርም ይተኛል። በውኃውና በናፍታው ድንበር ላይ ረቂቅ ነፍሳት ተራብተው ፊልትሮ የሚደፍን አተላ ይፈጥራሉ። መፍትሔው ከሥር ማፍሰስ፣ ፊልትሮ መለወጥና የገባውን አየር ማስወጣት ነው።

በነዳጅ እጥረት ዘመን በጀሪካንና በሀይላንድ የሚሸጠው ነዳጅ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከመጨመሩ በፊት በሚያሳይ ጠርሙስ ጥቂት ቀድቶ ለአንድ ሰዓት ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ነዳጅን በቱቦ በአፍ መምጠጥ ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባች ለከባድ የሳንባ ሕመም ትዳርጋለች።

ባትሪው

ተዘግቶ የቆመ መኪና ሙሉ በሙሉ አልተኛም። ሰዓቱ፣ የማንቂያ ደወሉና የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበላሉ። ይህ 50 ሚሊአምፔር ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ50 ቀን ይራቆታል። ባዶ ሆኖ ሲቆይ በሳህኖቹ ላይ ደረቅ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከጊዜ ብዛትም መልሶ አይሟሟም። የደጋው ብርድ ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ኃይል ስለሚያዘገይ ከቆላ ይልቅ እዚህ ይሻላል። ሆኖም ጥቅሙን የምናገኘው ስናቆመው አንዱን ገመድ ከነቀልን ብቻ ነው።

ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ11.9 በታች ባዶ ነው። ተነቅሎ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ እሳት ሳይቀርበው፣ በዝግታ ይሞላ፤ ለ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 6 አምፔር ይበቃል። በካቦ አስነሥቶ «ዲናሞው ይሞላዋል» ማለት አይገባም። ዲናሞ የተሠራው የሞላውን ባትሪ ለመጠበቅ ነው፤ የተራቆተውን እንዲሞላ ሲገደድ ራሱ ሊቃጠል ይችላል።

የማስነሣቱ ሰዓት

አሁን ሞተሩን ማስነሣት ይቻላል። መኪናው ከግቢ ጣሪያ ሥር ይውጣ፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ከተነሣ በኋላ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ወዲያው ይጥፋ። ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ የጨመርነው ዘይት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ እንፋሎት ግን ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። ነዳጅ እየረገጡ ማስጮህ አያስፈልግም። ፋኑ እስኪነሣ ጠብቆ፣ አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ፍሳሽ መፈለግ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጉዞ በለጥ ያለ ሥፍራ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ አሥር ጊዜ ያህል እየቆሙ ይሁን። ከዚያ ወርዶ የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ማስጠጋት፤ ከሌሎቹ የጋለ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም። የወረታን ቁልቁለት ወይም የጋይንትን መንገድ በመጀመሪያው ቀን አትሞክሩት። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜያቸው አልፎ ሊሆን ስለሚችል እነዚህም ከመንገድ በፊት ይታደሱ።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

*ጥያቄ፦ ወንድሜ ውጭ አገር ነው። መኪናውን በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እያስነሣሁ እንድጠብቅለት ነግሮኛል። ልክ ነው?*

መልስ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወልዳል። ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ የዚህ ውኃ ከፊሉ በማርሚታውና በዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በአምስት ደቂቃም ባትሪው ለማስነሣት ያወጣውን እንኳ በቅጡ አይመልስም። ወይ በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት በእውነት ይንዱት፤ ወይ ባትሪውን ነቅለው፣ ማጠራቀሚያውን ሞልተው፣ በሰላም ይተኛ።

*ጥያቄ፦ የዘረዘሩትን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ የለኝም። አንዱን ብቻ ማድረግ ብችል የትኛውን ልምረጥ?*

መልስ፦ የፍሬን ዘይቱን ይለውጡ፤ ጎማውንም በደንብ ያስመርምሩ። ሞተሩ ቢቸገር መንገድ ዳር ያቆምዎታል፤ መካኒክ ይጠራሉ፤ ገንዘብም ሲገኝ ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያጣ ሰው ግን ሌላ ቀን አይሰጠውም። የሌላው ሥራ ገንዘብ እስኪገኝ መኪናው ባለበት ቢቆይ ምንም አይደለም፤ ይህን ያህል ጊዜ ቆሟልና ሌላ አንድ ወር አይጎዳውም።